ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ትምህርት ቤትን በዜማ የሞሉ መምህር



ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን እዚሁ ዳንግላ ውስጥ ያየሁት ነገር ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን እንዳዘጋጅ ምክንያት ሆነኝ። የሰባተኛ ክፍል ልጆች የሙዚቃ ክፍለ ጊዜያቸውን እየተንጫጩ ሲጠባበቁ፣ ክፍለ ጊዜው ለሌላ ትምህርት ማካካሻ መወሰዱ ተነገራቸው። ልጆቹ አልተከራከሩም፤ ደብተራቸውን አወጡና ተማሩ። በዕረፍት ሰዓት ግን ስምንት ዘጠኝ ሆነው ከባሕር ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። አንዱ አወጣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ። ከዘፋኞቹ መካከል ሁለቱ ጠዋት በእርሳስ ተጣልተው እኔው ራሴ ያገላገልኋቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ሩብ ሰዓት ሙሉ መክሬያቸው አንዱም ሌላውን ቀና ብሎ አላየውም ነበር። አሁን አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ይዘፍናሉ! እኔ በምክር ያቃተኝን ዜማው በአምስት ደቂቃ ጨረሰው።

ማታ በመኝታ ክፍላችን ይህን ባወራ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን መዝሙር ማለት ጨዋታ ነው፣ ትምህርት አይደለም አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የለም፣ ትምህርትም ነው አልን። ክርክሩ ሳይቋጭ መብራት ጠፋና ተኛን። ታዲያ እኔ ለክርክሩ መልስ የሚሆን ሰው ስፈልግ ሩቅ አገር መሄድ አላስፈለገኝም። ከዚሁ ከጎጃም የወጡ፣ መምህርም ደራሲም የነበሩ አንድ ታላቅ ሰው አሉ። እሳቸውም ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ታሪካቸው እንደሚከተለው ነው።

ልጅነት በደብረ ኤልያስ

ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች አገር ናት። ዮፍታሔ የተወለደው እዚያ ሲሆን ጊዜውም ከዓድዋ ጦርነት ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ የገጠር ልጅ ትምህርት ማለት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነበረ። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፣ ንባብ ይለያል፣ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ወዲያ ልቡ የፈቀደ ወደ ዜማ ቤት፣ አልፎም ወደ ቅኔ ቤት ይገባል። ዮፍታሔም በዚሁ መንገድ ሄደ። ዜማውንም ቅኔውንም እዚያው በደብረ ኤልያስ ተማረ።

ይህ ትምህርት ምን እንደሚመስል ከመካከላችን የቀመሱት ያውቁታል። ለማያውቁት ግን ትንሽ ልበል። የዜማ ተማሪ ትምህርቱን የሚይዘው በመጀመሪያ በጆሮው ነው። መምህሩ ያዜማሉ፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ከተሳሳተ ይመለሳል፣ እንደገና ይቀበላል። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች በልብ እስኪቀረጹ ድረስ ዓመታት ይፈጃሉ። ይህን ሥርዓት ያቆመው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ መሆኑ ይታመናል። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ኮብልሎ ሳለ፣ አንዲት ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትሳካላት አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ የሚለውን ትረካ የማያውቅ ተማሪ የለም። ሰነፍ ተብሎ የተገረፈ ልጅ የዜማ አባት ሆነ ማለት ነው። እኛ መምህር ለመሆን የተዘጋጀን ሰዎች ይህን ነገር ደጋግመን ልናስበው ይገባል።

ቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ተማሪው ቀን በሜዳውና በዛፉ ሥር ተጋድሞ ቅኔ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ከሌላው ሰው የሰማውን መድገም አይፈቀድለትም፤ የዛሬው ቅኔ የዛሬ መሆን አለበት። ልጅ ገና በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት ዓመቱ የራሱን ነገር በራሱ ቃል እንዲፈጥር የሚገደድበት ትምህርት ቤት ይህ ነው።

የጓደኝነቱ ነገርስ? የቆሎ ተማሪ ከእናት ከአባቱ ርቆ የሚኖር ልጅ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የየመንደሩን ውሻ እየተከላከለ ለምኖ ይበላል። አንዱ ያገኘውን ሌላው ይካፈላል፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ይለምንለታል፤ ማታ ጎጆ ውስጥ የላቀው ያልገባውን ያስጠናዋል። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ችግር የተሠራ ጓደኝነት ዕድሜ ልክ ይዘልቃል ይባላል። ዮፍታሔ የአገሩ ልጅ ቢሆንም ያደገው ከየአውራጃው ቅኔ ፍለጋ በሚመጡ ልጆች መካከል ነው። ከዚህች ከደብረ ኤልያስ ጋር ስማቸው የሚነሣ ሌላም ታላቅ ደራሲ አለ፤ ፍቅር እስከ መቃብርን የደረሱት ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው እዚያ ተምረዋል።

ቀኝ ጌታ ማለት

ዮፍታሔ በዜማውና በቅኔው ጎልቶ በመታየቱ የደብረ ኤልያስ ቀኝ ጌታ ተባለ። እንግዲህ እስካሁን አንተ ስንለው የቆየነውን ልጅ ከዚህ በኋላ አንቱ እንላለን፤ ማዕርግ ይዘዋልና።

ቀኝ ጌታ የጦር ወይም የግዛት ሹመት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለም፤ የዜማ ሹመት ነው። በማኅሌት ጊዜ ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በሁለት ወገን ፊት ለፊት ይቆማሉ። የቀኙን ወገን የሚመሩት ቀኝ ጌታ፣ የግራውን የሚመሩት ግራ ጌታ ይባላሉ። አንዱ ወገን ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ይሸከመዋል። ልብ በሉ፤ እነዚያ የዳንግላ ልጆች ከባሕር ዛፉ ሥር ያደረጉት፣ በቡሄም ሰሞን በየደጃፉ ሆያ ሆዬ ሲሉ የሚያደርጉት ያንኑ ነው። አንድ አውጪ፣ ብዙ ተቀባይ። ዮፍታሔ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ይዘውት የሄዱት ሀብት ይኸው ነበረ።

አዲስ አበባና የቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት

ዮፍታሔ አዲስ አበባ በገቡበት ዘመን ዘመናዊ ትምህርት ገና ዳዴ ይል ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1901 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ነው። በነዚህ ትምህርት ቤቶች የውጭ አገር ቋንቋ የሚያስተምሩት በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። አማርኛውን፣ ግዕዙንና ግብረ ገቡን የሚያስተምሩት ግን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጡ ሊቃውንት ነበሩ። ዮፍታሔም በአራዳ በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ትምህርት ቤቱንም እስከ መምራት ደረሱ።

በዚያው ዘመን በከተማይቱ ሌላ አስደናቂ ነገር ሆኖ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የሚኖሩ የሙት ልጆች የነፋስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ ወላጆቻቸውን በአርመኖች ላይ በደረሰው እልቂት ያጡ ነበሩ። ራስ ተፈሪ ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ፤ አዲስ አበባ የገቡትም ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። አርባ ልጆች የሚለው ስም የተሰጣቸው ለዚህ ነው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባሉ ነበር። አገርም ዘመድም የሌላቸው ልጆች በሙዚቃ ተያይዘው እንደ አንድ ቤተ ሰብ ሆነው ኖሩ፤ የመንግሥቱም የሙዚቃ ጓድ ሆኑ።

ናልባንዲያን የዘመኑን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል የተሰማ ሲሆን፣ ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ እስኪለወጥ ድረስ በየትምህርት ቤቱ በየማለዳው ተዘምሯል። የግጥሙ ደራሲ ዮፍታሔ ንጉሤ መሆናቸው ይነገራል። ዜማው ከአርመን ስደተኛ፣ ግጥሙ ከደብረ ኤልያስ ቅኔ አዋቂ ሆኖ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥር ለተሰለፉ ልጆች ተሰጠ ማለት ነው።

ዮፍታሔ ግን በአንድ መዝሙር የሚቆሙ ሰው አልነበሩም። ለተማሪዎቻቸው በየበዓሉ የሚዘመሩ መዝሙሮች ይደርሱ፣ ራሳቸውም ያስጠኑ ነበር። ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ አንድነት፣ ስለ ትምህርት ጥቅም በጽሕፈት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ቢሰጥ ልጁ ደብተር ላይ ገልብጦ የሚረሳውን፣ እሳቸው ከዜማ ጋር አዋሕደው አፉ ላይ አኖሩት። ይህን ያገኙት ከየት ነው ብትሉ ከዜማ ቤት ነው። እሳቸው ራሳቸው በጆሮ ተምረው ነበርና በጆሮ አስተማሩ። አዲሱን ትምህርት ቤት ሲገቡ የአሮጌውን ትምህርት ቤት ጥበብ ከበር አውጥተው አልጣሉትም። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ይመስለኛል።

ልጆች በመድረክ ላይ

በጽሑፍ የቀረበው የመጀመሪያው የአማርኛ ቲያትር የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ፋቡላ ነው። እሱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን በመታገዱ ቲያትር ለጊዜው ተዳፍኖ ቀረ። ከዘውድ በዓሉ ወዲህ ግን በትምህርት ቤቶች በኩል እንደገና ተነሣ። በዚህ ረገድ በቅድሚያ የሚጠሩት ሁለት ሰዎች ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ናቸው። ሁለቱም ተዋንያናቸውን ያገኙት ከተማሪዎች ነው። በዚያን ጊዜ ሴት ልጅ መድረክ ላይ መውጣቷ ያልተለመደ ስለ ነበረ የሴቲቱንም ቦታ የሚጫወተው ወንድ ተማሪ ነበር። ዛሬ ቢሆን ልጆቹ ሲሳሳቁ ልምምዱ ይበተን ነበር፤ እንጃ፣ ያኔም ሳይሳሳቁ አልቀሩም!

ከዮፍታሔ ቲያትሮች ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ እያዩ ማዘን፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ አፋጀሽኝ የሚባሉት ይገኙባቸዋል። በዛሬው የቲያትር መለኪያ ሲታዩ ምክሩና ንግግሩ የሚበዛባቸው ናቸው፤ ይህን ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል። ነገር ግን በቲያትሩ መካከል መዝሙርና ግጥም እየገባ ተመልካቹን ያነቃ ነበር። ጥቅም ያለበት ጨዋታ የሚለውን አርእስት እስቲ ልብ በሉት። ጨዋታ ነው፤ ጥቅምም አለበት። የእኛ የመኝታ ክፍል ክርክር ከዘጠና ዓመት በፊት በአንድ አርእስት ውስጥ ተቋጭቶ ኖሯል።

የጦርነቱ ዓመታት

ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም. የጠላት ወረራ እየቀረበ ሲመጣ የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማውም ሕዝቡን በንግግር፣ በግጥምና በዜማ ለመቀስቀስ ነበረ። ዮፍታሔም በዚህ ከተሰለፉት ደራስያን አንዱ ነበሩ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ወረራዋን ጀመረች፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተያዘች። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ።

የተማሪዎቹስ ዕጣ? እዚህ ላይ ነው ልብ የሚሰበረው። በየሰልፉ ስለ አገር የዘመሩት ልጆች የዘመሩትን በሕይወታቸው እንዲከፍሉ ጊዜው ጠየቃቸው። ከዚያ ዘመን የተማሩ ወጣቶች መካከል ገሚሱ ወደ ጫካ ገብቶ አርበኛ ሆነ፣ ገሚሱ ተሰደደ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ሕዝቡ ሲያልቅ፣ ፋሽስቶቹ በተለይ የተማረውን ወጣት እያደኑ ገደሉት። አብረው የዘመሩ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች በዚህ ሁኔታ ተበታተኑ። መምህር ለልጆች ዜማ ሲሰጥ ምን እየሰጠ እንደ ሆነ ሊያስብበት ይገባል የምለው ለዚህ ነው። ልጅ የዘመረውን ያምናል፤ አንዳንዴም ይሞትለታል።

ዮፍታሔ በስደት አገርም ብዕራቸውን አላስቀመጡም። በተለይ የሚታወቁበት አፋጀሽኝ ስለዚሁ ስለ ጠላት ወረራ የተደረሰ ቲያትር ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። እኛው ያለንባት ዳንግላም ከጠላት ጦር ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ነው። የጎጃም አርበኞች በሸለቆውና በተራራው አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጉት ጦርነት ፍሬው ታየ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ የተሰደደው ወደ አገሩ፣ የተዘጋውም ትምህርት ቤት ወደ ሥራው ተመለሰ።

ዕረፍታቸውና የተወው ነገር

ከነፃነት በኋላ ዮፍታሔ በመንግሥት ሥራ ላይ አገለገሉ። ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም። በ1939 ዓ.ም. ገና በሃምሳዎቹ ዓመታቸው ሳሉ ድንገት ዐረፉ።

የዮፍታሔ ሥራዎች ብዙዎቹ እንደ መጽሐፍ ታትመው የተቀመጡ አልነበሩም፤ የሚኖሩት በብራናና በወረቀት ቁራጭ፣ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በተማሪዎቻቸው አፍ ነበረ። ተማሪዎቹ ሲያልቁ መዝሙሩም አብሮ ያልቃል። ይህን አይቶ የተቆረቆረው ገጣሚውና የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ዮሐንስ አድማሱ ነው። ዮሐንስ የቀኝ ጌታን ሕይወትና ሥራ እየፈለገ፣ እያሰባሰበ አጠና። እሱም በ1967 ዓ.ም. በወጣትነቱ ቢሞትም ጥናቱ በኋላ መጽሐፍ ሆኖ ለመታተም በቅቷል። አንዱ መምህር የዘራውን ሌላው መምህር ከመበስበስ አዳነው። እኛ ዛሬ ስለ ዮፍታሔ ለማውራት የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

ጓደኞቼ! ነገ ተመርቀን ስንወጣ ብዙዎቻችን የምንመደበው ፒያኖ ቀርቶ ከበሮ በሌለበት ትምህርት ቤት ነው። የሙዚቃ መሣሪያ የለም ብለን ክፍለ ጊዜውን እንሰርዘው ይሆን? ዮፍታሔ ከደብረ ኤልያስ ይዘው የመጡት መሣሪያ ጆሮና ጉሮሮ ነበር። መዝሙር ጠመኔ እንኳ አይፈልግም።

ሁለተኛ፣ በዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ስናስተምር ጠንቅቀን ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዚህ ዕድሜ የወንዶቹ ድምፅ መጎርነን ይጀምራል፤ ትናንት እንደ ዋሽንት ይጠራ የነበረው ልጅ ዛሬ ድምፁ ይሰበርበታል። በጓደኞቹ ፊት ከፍ አድርገህ ካልዘመርህ ብለን ካስጨነቅነው ያፍርና ከእንግዲህ አፉን አይከፍትም። ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲቀበል ወይም ከበሮውን እንዲይዝ ብናደርገው ግን ከጓደኞቹ ሳይለይ ያችን ክፉ ጊዜ ያልፋታል። ሴቶቹ ልጆችም እንደ ዱሮው ከመድረኩ ወዲያ አይቆሙም፤ አውጪም ተቀባይም መሆን ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ዮፍታሔ ከአገራቸው ዜማ ተነሥተው እንደ ጻፉ ሁሉ እኛም ልጆቹ ከቤታቸው ይዘውት ከሚመጡት እንነሣ። እዚህ በአገው ምድር ልጆች በአውኚም በአማርኛም ይዘፍናሉ። በእናቱ ቋንቋ የዘፈነ ልጅ ትምህርት ቤቱ የእሱም ቤት መሆኑን ያውቃል።

በመጨረሻ ወደነዚያ በእርሳስ ወደ ተጣሉት ሁለት ልጆች ልመለስ። በማግስቱ ክፍል ስገባ የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። እርሳሷን ለሁለት ሰብረው ተካፍለዋታል። እኔም የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ እንዲመለስላቸው ኃላፊውን በትሕትና ጠየቅሁ። እሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ፈቀዱልኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ልጆቹን በሁለት ወገን፣ በቀኝና በግራ አቆምኋቸው። ሁለቱን ባለ እርሳሶች አንዱን ቀኝ ጌታ፣ ሌላውን ግራ ጌታ አደረግኋቸው። ለምን እንደዚያ ብዬ እንደ ጠራኋቸው ግን አላወቁም ነበርና፣ መጀመሪያ ይህን የነገርኋችሁን ታሪክ ነገርኋቸው፤ ከዚያ በኋላ ዘመርን።